አይዲ 4፦ ፊዚክሱን ያለፈች፣ ጣታችንን የረሳች መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትልቅ መንገድ ዳር ቆማችሁ የሚያልፉትን መኪኖች ብትቆጥሩ፣ የቮልስዋገን አይዲ 4 ሳታልፋችሁ ብዙ አትቆዩም። ጭስ ማውጫ የላትም፣ ስትነሳም ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። አባቶቻችን «ቮልስ» እያሉ ይነዷት የነበረችው ያቺ ክብ መኪና የወጣችበት ኩባንያ ናት የሠራት። የሚገርመው፣ አሮጌዋ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነበር፤ የአይዲ 4 ዋና ሞተርም ከኋላ ነው። ሰባት ስምንት አሥርት ዓመታት ዞሮ ዞሮ እዚያው።

አይዲ 4 በዓይነቷ አነስተኛ ክሮስኦቨር ትባላለች። ክሮስኦቨር ማለት በአጭሩ ከቤት መኪና ከፍ ብላ የቆመች፣ ግን አካሏ እንደ ቤት መኪና በአንድ ወጥ የተሠራ፣ ገደል ለመውጣት ሳይሆን ቤተሰብና ዕቃ ጭኖ አስፋልት ላይ ለመሄድ የታሰበች መኪና ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ለዓለም ታየች፤ በ2021 የዓለም የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች። ከዚያ ለ2024 ሞዴል ተሻሽላ መጣች። ይህ ጽሑፍ የሚገመግመው ይህንን ማሻሻያ ነው።

ሻጮች ስለ ማሻሻያው ሲያወሩ የሚጀምሩት ከአዲሱ ሞተር ነው። ልክ ናቸው፣ ሞተሩ በጣም ጥሩ ነው። እኔ ግን የማሻሻያው ትልቁ ነገር ሌላ ነው እላለሁ፦ ከስክሪኑ ሥር የተጨመረች አንዲት ትንሽ መብራት። ለምን እንደሆነ አብረን እንየው።

ግማሽ ጀሪካን የማትሞላ ጉልበት

ከባትሪው እንጀምር። ትልቁ የአይዲ 4 ባትሪ ለአገልግሎት የሚውል 77 ኪሎ ዋት ሰዓት ጉልበት ይይዛል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ስለዚህ በቤንዚን እንለካው። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ በግምት 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ጉልበት አለ። 77ን ለ9 ስታካፍሉ ስምንት ተኩል ሊትር አካባቢ ይመጣል። ባለ 20 ሊትሯን ጀሪካን አስቡ፤ ግማሽዋን እንኳ አይሞላም!

ነገር ግን መኪናዋ በዚህች ጉልበት፣ በአውሮፓ የፍተሻ ደንብ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። እንዴት ሆኖ? የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ጎማ የሚደርሰው ሲሶ እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ይወጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከተሰጠው ጉልበት 90 በመቶ አካባቢውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል። ነዳጁ ብዙ ስለሆነ ሳይሆን ብክነቱ ትንሽ ስለሆነ ነው ሩቅ የሚያስኬደው።

አሁን ወደ አዲሱ ሞተር እንምጣ። የቀድሞው ሞተር ጉልበቱ 150 ኪሎ ዋት፣ የማዞር ኃይሉ ወይም ቶርኩ 310 ኒውተን ሜትር ነበር። አዲሱ 210 ኪሎ ዋትና 545 ኒውተን ሜትር ሆኗል። ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 8.5 ሰከንድ ትወስድ የነበረችው መኪና አሁን በ6.7 ትደርሳለች።

«ጉልበቱ ከጨመረ ፍጆታውም ይጨምራላ!» ትሉ ይሆናል። በነዳጅ መኪና ልማድ ትክክል ናችሁ። እዚህ ግን መሐንዲሶቹ ጉልበት የጨመሩት ብክነትን በመቀነስ ጭምር ነው። ስታተር በሚባለው፣ በማይንቀሳቀሰው የሞተሩ ክፍል፣ የመዳብ ሽቦውን ጥምጥም አበዙት፤ ሽቦውንም አወፈሩት። ወፍራም ሽቦ ኤሌክትሪክን የሚቃወምበት መጠን ያንሳል፣ ስለዚህ ትንሽ ይሞቃል። የሚሽከረከረው ክፍል ላይ ያሉት ማግኔቶችም የበለጠ ጠንካሮች ሆኑ።

እኔ የምወደው ግን ማቀዝቀዣውን ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ዘይት ለማመላለስ ሌላ ፓምፕ ቢገጥሙ ኖሮ ፓምፑ ራሱ ከባትሪው ይበላ ነበር። እነሱ ምን አደረጉ? ማርሾቹ እየተሽከረከሩ ዘይቱን ራሳቸው ወደ ሞተሩ እንዲወረውሩት አደረጉ። ማርሾቹ እንደሆነ መሽከርከራቸው አይቀርም፤ ሥራው በነጻ ተሠራ ማለት ነው። ጥሩ ዲዛይን ማለት ይህ ነው፦ ዕቃ ሳይጨምሩ ሥራ መጨመር።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ መኪና በ6.7 ሰከንድ 100 መድረስ አለባት ወይ? ባትሪዋ ብቻውን ወደ 500 ኪሎ ይመዝናል፤ መኪናዋ በጠቅላላው ከ2 ቶን በላይ ናት። ይህን ሁሉ ክብደት በድንገት ማስፈንጠር ጎማ ይበላል፣ ልምድ የሌለውን አሽከርካሪም ያስደነግጣል። ደግነቱ የነዳጅ መስጫውን በቀስታ ከነካችሁት እሷም ቀስ ብላ ነው የምትነሳው።

ቅርጿ ላይ አየሩ ምን ይላል?

በውጭ ቅርጿ ላይ ማሻሻያው እምብዛም አልነካትም። መንካትም አላስፈለገውም ነበር።

መኪና ሲሄድ አየሩን እየገፋ ነው። የሚገፋው አየር ምን ያህል እንደሚታገለው የሚነግረን አንድ ቁጥር አለ፤ ድራግ ኮፊሸንት ይባላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቅርጹ አየሩን በቀላሉ ያሳልፋል። የአይዲ 4 ቁጥር 0.28 ነው። ከፍ ብላ ለቆመች ክሮስኦቨር ጥሩ ውጤት ነው፤ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ቀስ ብሎ የሚወርደው፣ የበሯ እጀታዎች ከአካሏ ጋር የተስተካከሉት ለዚህ ነው።

ይህን ያህል መጨነቃቸው ለምን መሰላችሁ? የአየሩ ትግል ከፍጥነት ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ ፍጥነታችሁን እጥፍ ስታደርጉት ትግሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በ50 ስትነዱ የማትሰሙት አየር በ100 ባትሪያችሁን የሚበላው እሱ ነው። ስለዚህ ባትሪ እንዲቆይላችሁ ከፈለጋችሁ የመጀመሪያው መሣሪያ ቀኝ እግራችሁ ነው።

ከፊት ከባድ ሞተር ባለመኖሩ ሌላም ትርፍ አለ። መኪናዋ 4.58 ሜትር ብቻ ረዝማ፣ በፊትና በኋላ ጎማዋ መሃል ያለው ርቀት ግን 2.77 ሜትር ገደማ ነው። ጎማዎቹ ወደ ጥግ ተገፍተው የሰዎቹ ቦታ ሰፋ። የኋላ ዕቃ መጫኛው 543 ሊትር ይይዛል። የፊት ጎማዎቹም ሞተር ስለማያጣብባቸው ብዙ መታጠፍ ይችላሉ፤ ለመዞር የሚያስፈልጋት ክብ 10.2 ሜትር ያህል ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ወደ ፊት እያሉ ላብ ማውጣት ቀረ ማለት ነው።

ነቀፌታ? ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ሳለ ከፊት ኮፈኑ ሥር ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ አልተሠራም። ሌሎች የኤሌክትሪክ መኪኖች እዚያ ቦርሳ ያስቀምጡበታል፤ እዚህ ቦታው የቧንቧና የሽቦ ነው። ማሻሻያውም ይህን አልነካውም።

ከእንጦጦ ስትወርዱ

የአይዲ 4 የኋላ ፍሬን ዲስክ ሳይሆን ድራም ነው። ድራም የድሮ ዓይነት ፍሬን ስለሆነ ብዙ ሰው «እንዴት በዚህ ዋጋ!» ብሎ ተቆጥቷል። ቁጣው ግን ሳይንሱን አላየም።

የኤሌክትሪክ ሞተርን ወደ ፊት ብታዞሩት ጉልበት ይበላል፤ ጎማው ሲያዞረው ደግሞ ተገልብጦ ጄኔሬተር ይሆናል። እግራችሁን ስታነሱ ወይም ፍሬን ስትነኩ መኪናዋ አብዛኛውን ጊዜ የምትቆመው በዚህ መንገድ ነው። እውነተኛው ፍሬን በአብዛኛው የሚሠራው ድንገት ሲሆን ነው። ብዙ የማይሠራ ዲስክ ደግሞ ዝናብና አቧራ እየመታው ይዝጋል። ድራም የተሸፈነ ስለሆነ ይህ አያስቸግረውም። አሮጌ የሚመስለው ምርጫ ለአዲሱ መኪና የተሻለው ሆነ።

በቁጥር እንየው። 2,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ያህል ቁልቁል ብትወርድ፣ ለምሳሌ ከእንጦጦ ወደ ከተማው ብትመለስ፣ የምትለቀው ጉልበት 2,200 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ500 ነው። 10.8 ሚሊዮን ጁል አካባቢ፣ ወይም 3 ኪሎ ዋት ሰዓት። በነዳጅ መኪና ይህ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እዚህ በጎማና በአየር፣ በመለወጫውም የሚባክነውን ቀንሰን ከግማሽ በላዩ ወደ ባትሪ ይመለሳል እንበል፤ ሜዳ ላይ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ባትሪው መቶ በመቶ ከሞላ የሚመለሰውን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ቤቱ ተራራ ላይ የሆነ ሰው ማታ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል ቢወርድ፣ ያን ነጻ ጉልበት አጣው፤ ፍሬኑንም ከወትሮው የበለጠ ይጠቀማል። ሰማንያ በመቶ ላይ ማቆም ለባትሪውም ለቁልቁለቱም ይሻላል።

ጣት የማያገኘው ቁልፍ

እስካሁን ያየነው ሁሉ ፊዚክስ ነው፤ በፊዚክሱ መኪናዋ ፈተናዋን አልፋለች። አሁን ወደ ወደቀችበት እንሂድ።

በመጀመሪያዋ አይዲ 4 ሬዲዮ ለመቀነስ ወይም ሙቀት ለመጨመር የሚዞር ቁልፍ አልነበረም። ከስክሪኑ ሥር ለስላሳ ጠርዝ ነበር፤ እሱን በጣት እየዳሰሱ ግራ ቀኝ ማንሸራተት ነው። ቀን ይሁን ግድ የለም። ማታስ? ጠርዙ መብራት አልነበረውም! በጨለማ ውስጥ የማይታይ፣ ሲነኩትም የማይለይ ቁልፍ። ስክሪኑን ለመንካት እጃችሁን ስታሳርፉ ደግሞ ሳታስቡት ሙቀቱን ትለውጡታላችሁ።

ችግሩ ከመሰላቸት ያለፈ ነው። ዓይናችን ጥርት አድርጎ የሚያየው በጣም ጠባብ ቦታ ብቻ ነው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር እዩ፣ ያንን ያህል ነው። የቀረውን ሁሉ በደብዛዛው ነው የምናየው። ስለዚህ ስክሪን ላይ ያለች ትንሽ ምልክት ለማንበብ ዓይናችሁ ከመንገዱ መነሳት የግድ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ሁለት ሰከንድ ስክሪን ካያችሁ 28 ሜትር ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እንደነዳችሁ ቁጠሩት። በ28 ሜትር ውስጥ ኳስ ተከትሎ የሚሮጥ ልጅ አለ፣ ከታክሲ የሚወርድ ሰው አለ።

የሚዞር ቁልፍ ግን ዓይን አያስፈልገውም። እጃችን የት እንዳለ ሳናይ እናውቃለን፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አፍንጫችሁን መንካት የምትችሉት ለዚህ ነው። ጣት ቁልፉን ያገኛል፣ ያዞራል፣ ቀጭ ሲል መዞሩን ያውቃል። ዓይን መንገዱ ላይ ይቆያል። ይህን ሰውነታችን በነጻ የሰጠንን ችሎታ ነው ለስላሳው ጠርዝ የጣለው።

ማሻሻያው ምን አደረገ? ጠርዙን አበራው። በቃ፣ ይህች ናት ትንሿ መብራት። ስክሪኑም ወደ 12.9 ኢንች ሰፋ፤ የሙቀትና የቅዝቃዜው ማስተካከያ ሁልጊዜ ከታች እንዲታይ ተደረገ፤ ወዲህ ወዲያ ገብቶ መፈለግ ቀነሰ። ከመሪው ጀርባ ካለው ትንሽ ስክሪን ጎን ተለጥፎ የነበረው ማርሽ መቀየሪያም ወደ መሪው ቀኝ ዘንግ ወረደ። እጃችሁን ከመሪው ብዙ ሳታርቁ ታዞሩታላችሁ።

መብራቷን ትልቁ ማሻሻያ ያልኩት ስህተቱ የት እንደነበር ስለምታሳይ ነው። ግን ግማሽ መፍትሔ ናት። መብራት ያለው ጠርዝ ቢሆንም ዓይናችሁን ይጠራል፤ የጣት ቁልፍ አልሆነም። የሾፌሩ በር ላይ ያሉት የመስኮት ቁልፎችም አሁንም ሁለት ብቻ ናቸው፤ የኋላ መስኮት ለመክፈት መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነክታችሁ «አሁን የኋላውን ማለቴ ነው» ብላችሁ ለመኪናዋ መንገር አለባችሁ። ሁለት ቁልፍ ቆጥቦ አንድ ሐሳብ መጨመር ምን ይሉታል?

ኩባንያውም ገብቶታል። የቮልስዋገን የዲዛይን ኃላፊ አንድሬያስ ሚንት እ.ኤ.አ. በ2025 ለዋና ዋና ሥራዎች የሚጫኑ ቁልፎች በመጪዎቹ መኪኖች እንደሚመለሱ በይፋ ተናግረዋል። የአውሮፓ የመኪና ደህንነት ፈታሽ ዩሮ ኤንካፕም ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ የአደጋ መብራት፣ ጥሩምባ፣ የዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጥሪ በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ ለሌላቸው መኪኖች ሙሉ ነጥብ አልሰጥም ብሏል።

እጀታው ያስተማረው

ሌላ ምሳሌ እዚያው መኪና ላይ አለ። የአይዲ 4 በር በውጭ እጀታው ሲከፈት በሽቦ በኩል ትእዛዝ ይተላለፋል፤ እጀታው ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ ከ98,000 በላይ አይዲ 4 መኪኖችን ለጥገና ጠራ። ምክንያቱ? ወደ እጀታው ውኃ እየገባ፣ ሰሌዳው እየተበላሸ፣ በሩ ሳይታሰብ ሊከፈት ይችል ነበር።

ተራ የብረት ዘንግ ለአንድ መቶ ዓመት ያለ ችግር የሠራውን ሥራ ለኤሌክትሮኒክስ ስትሰጡት፣ አዲስ የሚበላሽበት መንገድም አብራችሁ ሰጣችሁት። አዲስ ነገር ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሞተሩ አዲስ ነው፣ ግሩምም ነው። ጥያቄው «አዲሱ ነገር ከአሮጌው ምን አሻሻለ?» የሚለው ነው። ሞተሩ መልስ አለው፦ ብክነት። እጀታው ለአየር ትግል ትንሽ ይረዳል፤ ለዚያ ግን ሰሌዳና ሽቦ ማስፈለጉ አያሳምንም። ለስላሳው ጠርዝ ግን፣ ዳሽቦርዱን ንጹሕ ከማስመሰል በቀር መልስ የለውም።

ወደ እኛ ሀገር ስትመጣ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ወሰነች። ከዚያ ወዲህ መንገዶቻችን ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ አይዲ 4 መኪኖች ቻይና ውስጥ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ቻይና እንደኛው በቀኝ ስለምትነዳ መሪው ልክ ነው፤ የቻርጅ መሰኪያው ግን የቻይና ደረጃ ነው፤ ስክሪኑም ብዙ ጊዜ ቻይንኛ ይናገራል። ስለ ስክሪን ቋንቋ ከላይ ያልነውን አስታውሱና አስቡት፤ የማታነቡትን ጽሑፍ እየነዳችሁ መፈለግ!

እዚህ የተገመገመው ማሻሻያም የአውሮፓና የአሜሪካዋ አይዲ 4 ነው። ሰፈራችሁ የቆመችው እሷ ላትሆን ትችላለች። መለየት ቀላል ነው፤ በመስኮቱ ተመልከቱ። ማርሽ መቀየሪያው ከትንሿ ስክሪን ጎን ከተለጠፈ የቀድሞዋ ናት፤ ከመሪው ቀኝ ዘንግ ሆኖ ከወረደ የተሻሻለችው።

ደስ የሚለው ደግሞ የከፍታችን ነገር ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ኦክስጅን ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ኦክስጅን አይፈልግም፤ ጉልበቱ ያው ነው። እንዲያውም የሳሳው አየር ሲገፉት ስለሚቀል ትግሉም ሩብ ያህል ይቀንሳል። ኤሌክትሪካችንም አብዛኛው ከውኃ ኃይል ስለሚመጣ፣ የመኪናዋ ጭስ ከእኛ ርቆ በሌላ ጣቢያ አይወጣም።

ታዲያ ምን ትባላለች?

የተሻሻለችው አይዲ 4 ጥሩ መኪና ናት። ሞተሯ፣ ቅርጿ፣ ጉልበት የምትመልስበት መንገድ በደንብ የታሰበባቸው ናቸው፤ ከቀድሞዋ ጋር ምርጫ ቢቀርብላችሁ ሳታመነቱ አዲሲቷን ውሰዱ። ለማርሹና ለስክሪኑ ስትሉ ውሰዷት፤ የፍጥነቱ ነገር ትርፍ ነው። ለመስኮቱ ቁልፍና ለጠርዙ ግን ሙሉ ነጥብ አትስጧት።

እስኪ አንድ ሙከራ ሞክሩ። መኪና ያለው ዘመድ ካላችሁ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ከዚያ የዝናብ መጥረጊያውን፣ የአደጋ መብራቱን፣ የሬዲዮ ድምፅ መቀነሻውን በጣታችሁ ብቻ ፈልጉ። ያገኛችሁትን ቁጠሩ። የአሮጌ ኮሮላና የአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቱ፤ የትኛው ፋብሪካ ስለ እናንተ እንዳሰበ ያኔ ይገባችኋል።